ስለ ወገብ ቁስል ጥገናና ስለ አንድ የቆየ ልክ

በአከርካሪው ጉዳት ሽባ ሆኖ በጀርባው የተኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቈስለው ከወገቡ በታች፣ አጥንቱ ከቆዳው ጋር በሚቀራረብበት ስፍራ ነው። አጥንቱ ከውስጥ፣ አልጋው ከውጭ ሲጫኑት በመካከል ያለው ሥጋ ደም ያጣል፤ ቈይቶም ይሞታል። አሜሪካዊው ላንዲስ በ1930 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በጥፍር ሥር ባለው እጅግ ቀጭን የደም ሥር መግቢያ ላይ የለኩት ግፊት በአማካይ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር። በአጥንት ላይ የሚያርፈው የሰውነት ጫና ከዚህ በቀላሉ ይበልጣል። ጫናና ፍሰት የእኛም ሙያ ስለሆኑ፣ ነገሩን ለሐኪሞች ብቻ ልንተወው አይገባም።

በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ጉዳት ሕክምና ክፍልን የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ሕሙማኑ ሌሊትም ጭምር በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ በማድረግ ብዙዎችን አትርፈዋል። ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈተው ጉድጓድ መሞላት ነበረበት። ከሌላ ስፍራ ተልጦ የሚለጠፍ ስስ ቆዳ በአጥንት ላይ ጫና አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞች ወደ ፍላፕ ዞሩ፤ ይኸውም ከቁስሉ አጠገብ ያለውን ቆዳ ከነስቡ ቈርጦ፣ በአንድ ወገን ከደም ሥሩ ጋር እንደተያያዘ አዙሮ ማልበስ ነው። ጥበቡ ጥንታዊ ነው፤ የቦሎኛው ታልያኮዚ ከክንድ በተወሰደ ቆዳ አፍንጫ ስለ መጠገን በ1597 መጽሐፍ አሳትመዋል።

ያስቸገረው ልኩ ነበር። የፍላፑ ርዝመት ከሥሩ ወርድ ጋር መመጣጠን አለበት፣ ረዥም የፈለገ ሥሩን ያስፋ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖረ። አናጢ ከአባቱ እንደሚወርሰው የእጅ ልክ፣ መነሻውን የጠየቀ ጥቂት ነው። በ1970 ሚልተን የተባሉ ተመራማሪ በአሳማዎች ላይ ፈትነው፣ የደም አቅርቦቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ጠባቡም ሰፊውም ፍላፕ በሕይወት የሚቆየው እስከ አንድ ርዝመት መሆኑን አሳዩ። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ቦይ አሥር ትይዩ ቧንቧ ቢወጣ ውኃው ከአንዱ ቧንቧ አልፎ አይርቅም፤ ርቀቱን የሚወስኑት የመግቢያው ግፊትና በመንገድ የሚባክነው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከወርድ ወደ ምንጭ ተዛወረ። በ1977 ሚናሚና ባልደረቦቻቸው ትልቁን የመቀመጫ ጡንቻ ከነቆዳው ማዞርን አቀረቡ። ደሙ የተትረፈረፈ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ሽባ ላልሆነ ሕመምተኛ ያ ጡንቻ ደረጃ መውጫውና ከወንበር መነሻው ነውና። በእኔ ግምት ትልቁ እርምጃ በ1988 ክሮልና ሮዘንፊልድ ለታችኛው ጀርባ ያቀረቡት፣ ጃፓናዊው ኮሺማም በ1993 በመቀመጫ ላይ የገፉበት ነው፤ ጡንቻውን በስፍራው ትቶ፣ በውስጡ አልፋ ወደ ቆዳ የምትወጣውን ትንሽ የደም ሥር ብቻ ይዞ ማዞር። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ሥሯን አስቀድመው በዶፕለር መሣሪያ ፈልገው በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ የፍላፑ ቅርጽ የሚነደፈው ከዚያ በኋላ ነው።

በሽባ ሰው ላይ ግን የተለበሰው ቆዳ እንደ ቀድሞው አይሰማም፤ ስለዚህ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ማገላበጡ ይቀጥላል።