ሳይታይ የሚላቀቅ ንብርብር፦ የአንድ ሞተር ታሪክ

በአገር ቤት ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱ ግን አያይዞ ያቆመዋል። የዛሬ አውሮፕላን የሚሠራበት ዕቃም ሐሳቡ ይኸው ነው። በጭዱ ፈንታ የካርቦን ክር፣ በጭቃው ፈንታ ሙጫ ይገባና እንደ ኮምፔንሳቶ በስሱ ይደራረባል።

ይህ ዕቃ ቀላልና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አንድ ድካም አለው። በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት አይበገርም፤ ንብርብሮቹን እርስ በርስ የሚይዛቸው ግን ሙጫው ብቻ ነው። በድንገት ሲመታ ከውስጥ ይላቀቃል፤ ከላይ ምልክቱ እንኳ ላይታይ ይችላል።

የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ኩባንያ ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለአሜሪካው ሎክሂድ አርቢ 211 የተባለ ሞተር ሊሠራ ተዋዋለ። የሞተሩ የፊት ማራገቢያ ምላጮች ከካርቦን ክር እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በበረራ ላይ ወፍ ሊገባ ስለሚችል በ1970 የሞተ ዶሮ ተወርውሮ ሲፈተኑ ተሰባበሩ። ኩባንያው ወደ ቲታኒየም ተመለሰ። የሞተሩ ወጪ ከታሰበው እጅግ ስለበለጠ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1971 ኩባንያው ከሰረ፤ የብዙ ሺህ ሠራተኞችም እንጀራ አደጋ ላይ ወደቀ። ሥራው የቀጠለው መንግሥት ስለወረሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ ዕቃውን አስቀድመው በኮምፒውተር ይሰብሩታል። ዕቃውን በትናንሽ ክፍል ከፋፍለው በየንብርብሩ መካከል ስለ ሙጫው ሁለት ቁጥሮች ያስገባሉ፦ አንደኛው መላቀቅ የሚጀምርበት ኃይል፣ ሁለተኛው ፈጽሞ እስኪላቀቅ የሚፈጀው ጉልበት ነው። ቁጥሮቹ የሚገኙት ግን እውነተኛ ናሙና በመስበር ስለሆነ ፈተናው አልቀረም።

በ1995 የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ጂኢ 90 የተባለው ሞተር የካርቦን ምላጮች ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ወፍ የሚመታው የፊት ጠርዝ ግን ቲታኒየም ለብሷል። ድሪምላይነር የተባለው አውሮፕላን ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ንብርብር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2012 ተረክቦታል።

እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲመታ መካኒኩ በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ የድምፅ ሞገድ ልኮ ውስጡን ይመረምራል። ከላይ ደህና መምሰል ደህና መሆን አይደለምና።