ቀይ ቀለም በቡና አገር
(የጅማ አካባቢ የመዋቢያ ታሪክ በአጭሩ)

የሰው ልጅ ለቀለም ያለው ፍቅር ከጽሕፈትም ሆነ ከእርሻ ይቀድማል። በድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ያከማቹት ከ4,000 የሚበልጥ የቀለም ድንጋይ ስብርባሪ ከነመፍጫው ተገኝቷል፤ ክብደቱም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዛሬ በትንሽ ብሩሽ ጉንጭ ላይ የሚያርፈው ቀይ ዱቄት እንግዲህ ሥሩ ጥንታዊ ነው። ለየዘመኑ አዲስ ሆኖ የሚነሣው ጥያቄ፣ ቀለሙ ከየት መጣ፣ ለማንስ ቆዳ ተሠራ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

ከጓሮ የተገኘ ቀለም

በአገራችን ነባር የመዋቢያ ባህል በብዙ ስፍራ ጉንጭ በቀለም አይሸፈንም። ጌጡ የሚያርፈው በፊት ዙሪያና በገላ ዳርቻ ነው፦ ዐይን በኩል ይኳላል፤ ጠጉር በቅቤ ይለሰልሳል፤ እጅና እግር በእንሶስላ ወይም በሂና ይቀላል። እንሶስላ ጥላና እርጥበት የሚወድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ሲሆን፣ ቀለም የሚሰጠው ሥሩ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ታጥቦ ይወቀጣል፤ ከዚያም በመዳፍ፣ በጥፍርና በእግር ላይ ተደርጎ ይታሰራል። ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ ሲደጋገም ይጠቁራል። ስለዚህም የአቀባቧ ባለሙያ የምትቀባላትን ሴት መልክ አይታ የምታቆምበትን ጊዜ ትወስናለች። ለጠይሟ የሚበቃው ለቀይ ዳማዋ ሊበዛ ይችላል።

ይህ ሥራ ለብቻ የሚከናወን አልነበረም። ሁለት እጆቿ የታሰሩባት ሙሽራ ሌላ ሰው ያጎርሳታል፤ ሌላ ሰው ውኃ ያጠጣታል። በሚዜዎቿና በዘመዶቿ መካከል ስትጨዋወት ታመሻለች። የቀለሙ ውበት ከሙሽራዋ እጅ ባሻገር፣ ያንን ሌሊት አብረዋት የነቁትን ሰዎች ሁሉ ያስታውስ ነበር።

ዝባድ ሲወጣ፣ ዶቃ ሲገባ

የጅማ አካባቢ መዋቢያን ለራሱ ብቻ አላዘጋጀም፤ ለዓለምም አቅርቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሊሙ እናሪያን ያስተዳደረው አባ ባጊቦ (እ.ኤ.አ. 1825-1861) የሰቃን ገበያ የታወቀ የንግድ ማዕከል አድርጎት ነበር። ከከፋና ከጅማ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች በሰቃ አድርገው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በጎጃም በባሶ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይጓዙ ነበር። ከሸቀጦቻቸው መካከል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይገኙበታል። በዚያው መንገድ ሰዎች በባርነት ይነዱ እንደነበር መዘንጋት አይገባም፤ የውበት ዕቃና የሰው እንባ በአንድ ጉዞ ተጉዘዋል። በምላሹ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ኋላም በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878-1932) ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች የሚገኘው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአካባቢው ከሁሉ የላቀ ሆነ።

ዝባድ የሚገኘው ከጥሪኝ ነው። ገበሬው ወንዱን ጥሪኝ አጥምዶ በጠባብ የእንጨት ቤት ያስቀምጠዋል፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ገንፎ ያበላዋል፤ በጥቂት ቀናት ልዩነትም ከዕጢው የሚወጣውን ቅባት በማንኪያ መሰል መሣሪያ ይፍቃል። ቅባቱ በቀንድ ውስጥ ተከማችቶ ለገበያ ይቀርባል። ሽታው ሲጠነክር የሚያስጠላ ቢሆንም፣ በጥቂቱ ሲቀላቀል ሌሎችን መዓዛዎች አቅፎ ቶሎ እንዳይበኑ ያደርጋል። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች የፈለጉትም ለዚህ ነው። የሻኔል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ በሰው ሠራሽ መተካቱ ይነገራል፤ ለለውጡ አንዱ ምክንያት በእንስሳቱ አያያዝ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ነበር። በቀንድ የወጣው ጥሬ ዕቃ በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ ሲመለስ፣ ዋጋው ከገበሬው እጅ እጅግ የራቀ ነበር።

የፋብሪካው ቀለም

ከጣሊያን ወረራ (እ.ኤ.አ. 1936-1941) ጀምሮ ሂርማታ ወደ ዘመናዊት የጅማ ከተማ ተለወጠች። የመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከአዲስ አበባ ጋር አገናኛት፤ አጋሮና ሊሙ ገነትም በቡና ንግድ ደረጁ። ቀዩ የቡና ፍሬ ተለቅሞ ሲሸጥ ከልብሱና ከቁሳቁሱ ጋር የከተማ መዋቢያም ይሸመታል። ሊፒስቲክ፣ ፓውደርና የጉንጭ ቀለም የገቡት በዚህ በር ነው።

ይሁንና አብዛኞቹ የተቀመሙት ለነጭ ቆዳ ነበር። በአውሮፓ የጉንጭ ቀለም ረጅም ታሪክ አለው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መኳንንቱ መርዛማ የእርሳስ ነጭ በፊታቸው፣ በላዩም ቀይ ቀለም ይቀቡ ነበር። የኋለኛው ዘመን ዱቄት ከዚህ አደጋ ቢርቅም፣ ታልክን የመሰለ ነጭ መሠረት ይበዛበት ነበር። እንዲህ ያለው ፈዛዛ ሮዝ በጠይም ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ደም የመላው መልክ በመስጠት ፈንታ አመድ የነካው ያስመስላል። ብዙ ሴቶች ጉድለቱን ከራሳቸው መልክ ቆጥረው ይበልጥ ይቀቡ ነበር፤ ጉድለቱ ግን የዱቄቱ ነበር። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር ኩባንያ ቋሚ ተወካይ ሆና ስትመረጥ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ነበረች። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ቀለምን ከመልክ ማስማማት

ዛሬ በጅማም ሆነ በአጋሮ ልዩ ልዩ ቀለም ይገኛል። ስለዚህ ችግሩ ከማግኘት ወደ መምረጥ ተሸጋግሯል። ለጥቁር መልክ የበሰለ ቡና ፍሬ የመሰለ ጥልቅ ቀይ ይስማማል፤ ለጠይም የሸክላ ወይም የጡብ ቀይ፤ ለቀይ ዳማ ወደ ኮክ የሚያደላ ለስላሳ ቀለም። ምርጫው በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን ይደረግ። ቀለሙም ሲስቁ ከፍ ከሚለው የጉንጭ ሥጋ ላይ በጥቂቱ ተጀምሮ ወደ ጆሮ ግንድ አቅጣጫ ይሳብ፤ ዳርቻው እስከሚጠፋ ድረስም ይዳመጥ። ከጎደለ መጨመር ይቻላል፤ ከበዛ ግን መመለሱ ያስቸግራል።

ይህን ሕግ የእንሶስላ ባለሙያዎች ከጥንት ያውቁታል፤ አስቀድመው መልኩን ያያሉ፣ ቀለሙን የሚያበዙትና የሚያሳንሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ነባር ነገር እንዳለ ይጠበቅ ማለት ግን አይደለም፤ ከእርሳስ ማዕድን የሚዘጋጅ ኩል ለጤና ጎጂ መሆኑ ዛሬ ታውቋል። ሊወረስ የሚገባው የአያቶች ዓይን ነው። ቀዩን የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው መካከል መርጦ የሚለቅም እጅ፣ ለራሱም ጉንጭ የሚስማማውን ቀለም ለመምረጥ አይቸግረውም።