አጥር የወለደው ሞተር ብስክሌት

ሕግና ጉርምስና ሲጋጠሙ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር ስም ያተረፈችውን የአንዲት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ታሪክ ቢመለከት ይበቃዋል እላለሁ። ሙሉ ስሟ ያማሃ ኤፍ ኤስ ዋን ኢ ነው፤ ልጆቹ ግን ፊደሎቹን አገጣጥመው «ፊዚ» አሏት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሕግ ነው። እስከ 1971 መጨረሻ ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው እንግሊዛዊ ለማጅ እስከ 250 ሲሲ የሚደርስ ሞተር መንዳት ይችል ነበር። በሞተር አደጋ የሚቀጠፉት ወጣቶች ብዛት አሳሳቢ በመሆኑ፣ ጆን ፔይተን የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ደንቡ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተፈቀደለት ከ50 ሲሲ የማይበልጥና በእግር የሚዘወር ፔዳል ያለው «ሞፔድ» ብቻ ሆነ። ሞፔድ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ለመመላለስ የሚያገለግል፣ ከብስክሌት ጥቂት የሚሻል ዝግተኛ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ደንቡ የሞተሩን መጠንና የፔዳሉን መኖር ወሰነ እንጂ ስለ ፍጥነት አንዳች አልተናገረም።

ይህችን ቀዳዳ ካዩት አንዱ ያማሃ ነው። ያማሃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የሙዚቃ መሣሪያው ነው፤ አልተሳሳትንም። የኩባንያው ጅማሬ በ1887 ከኦርጋን ጥገና ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ዓርማውም ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ነው። በ1955 የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት ሲሠራ የቀዳው ዲ ኬ ደብልዩ ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ 125 ሲሲ ሞተር ነበር። የሚያስገርመው እንግሊዞችም ከጦርነቱ በኋላ የዚያኑ የጀርመን ሞተር ንድፍ ወስደው ከ1948 ጀምሮ «ቢ ኤስ ኤ ባንታም»ን መሥራታቸው ነው። ለብዙ እንግሊዛዊ ወጣት የመጀመሪያ ሞተሩ ባንታም ነበረች። የባንታም ምርት በ1971 ቆመ፤ ፊዚ በ1973 ለገበያ ቀረበች። ከአንድ አያት የተወለዱ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ደጁን ከፈተ ማለት ነው።

ፊዚ 49 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ አራት ማርሽና 4.8 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ቁጥሩ ሲታይ ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን ክብደቷ ከ70 ኪሎ ብዙም ስለማይርቅ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጥ ነበር። ቀጠን ባለው ሰልባትዮዋና በደማቅ ወይን ጠጅ ቀለሟ ስትታይ፣ የትልቆቹን የስፖርት ሞተሮች መልክ የያዘች ታናሽ እህት ትመስላለች። ፔዳሉስ? ፔዳሉማ አለ። የግራው ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆለፋል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው እግር ማሳረፊያ ይሆናሉ። በፔዳሉ ሊነዳት የሞከረ ሰው በላብ ይጠመቅ ነበር እንጂ ሩቅ አይሄድም። ፔዳሉ የተሠራው ለሕጉ ነው፤ ልጁ የሚሄደው በሞተሩ ነው።

ሌሎቹም ዝም አላሉም። ከጣሊያን ጋሬሊና ፋንቲክ፣ ከኦስትሪያ ፑክ፣ ከጃፓን ሱዙኪና ሆንዳ በዚሁ ሜዳ ተሰለፉ። ፋንቲክማ ለዚያች ቅንጣት ሞተር ስድስት ማርሽ ገጠመላት! በ1972 በእንግሊዝ ከትምህርት ቤት መውጫው ዕድሜ ወደ አሥራ ስድስት ከፍ ብሎ ስለነበር፣ ብዙ የሠራተኛ ልጆች የመጀመሪያ ደሞዛቸውንና የመጀመሪያ ሞተራቸውን በአንድ ዓመት አዩ። ከአባት ቤት ወጥቶ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ምን እንደሚመስል ያወቁት በፊዚ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይስቃሉ፤ «ሕጉ ልጆቹን ሊያዘገይ ብሎ የእሽቅድምድም ሞተር ሰጣቸው» ይላሉ። እኔ ግን ከሳቁ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተባበርም። ሕጉን ያመጣው ስጋት እውነተኛ ነበር። ሕጉ የሳተው በሐሳቡ ሳይሆን በመለኪያው ነው፤ ፍጥነትን ፈርቶ ሲሊንደር ለካ። ፋብሪካዎቹም የተጻፈውን አክብረው የታሰበውን አለፉት። በዚህ መካከል ሒሳቡን የሚከፍለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር።

ስህተቱ የታረመው ከነሐሴ 1977 ጀምሮ ነው። አዲሱ ደንብ የሞፔድን ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወሰነው፤ ፔዳልም ግዴታ መሆኑ ቀረ። ፍጥነቱ ራሱ በስሙ ሲጠራ የማስመሰያው ፔዳል አላስፈለገም።

ያን ጊዜ የነዷት ልጆች ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አንዳንዶቹ የዛገች ፊዚ ፈልገው ያድሳሉ፣ ወይን ጠጅ ቀለሟን ይመልሱላታል፣ ለአዲስ ትልቅ ሞተር የሚበቃ ገንዘብም ያወጡባታል። ናፍቆታቸው ይገባኛል። ሆኖም የፊዚን ታሪክ የሚተርኩልን በሰላም ቤታቸው የገቡት ናቸው። ያልተመለሱት ልጆች በዚህ ትዝታ ውስጥ ድምፅ የላቸውም፤ ሕጉ የወጣው ግን ስለ እነሱ ነበር።