የአሮጌ ጊታር አምፕሊፋየር መቆጣጠሪያዎችን መተካት

ፖቴንሽዮሜትር የሬዚስታንሱ መጠን፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የመግታት አቅሙ፣ በማዞር የሚለወጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። በጊታር አምፕሊፋየር ላይ የድምፅ መጠንን፣ ቤዝንና ትሬብልን የሚቆጣጠሩት እጀታዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ፖቴንሽዮሜትር ዘንግ ላይ የተሰኩ ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ ክፍል ሲበላሽ ምትኩ በሬዚስታንስ፣ በአለዋወጥ ስልትና በአገጣጠም ከቀድሞው ጋር መስማማት አለበት። አለዚያ ወይ ቦታው ላይ አይገጥምም፣ ወይ የመሣሪያውን ድምፅ ይለውጣል።

አሠራር

ፖቴንሽዮሜትር ሦስት እግሮች አሉት። ሁለቱ የዳር እግሮች ከአንድ የካርቦን ንጣፍ ጫፍና ጫፍ ጋር ይገናኛሉ። የመካከለኛው እግር ደግሞ ዘንጉ ሲዞር በንጣፉ ላይ ከሚንሸራተት ብረት ጋር የተያያዘ ነው። በጊዜ ብዛት ንጣፉ ይቆሽሻል ወይም ይፋቃል። በዚህ ጊዜ እጀታው ሲዞር ከድምፅ ማጉያው የመንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል፣ ወይም ድምፁ እየተቆራረጠ ይጠፋል።

የደህንነት ጥንቃቄ

በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ካፓሲተሮቹ ይህን ኃይል ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ መነካታቸው ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ክፍል ከመነካቱ በፊት ካፓሲተሮቹ በተገቢ ሬዚስተር በኩል ባዶ መደረግና ባዶ መሆናቸውም በመልቲሜትር መረጋገጥ አለበት። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ለባለሙያ መተው ይኖርበታል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በሚሰጥባቸው አገሮች ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ሳይኖር ለሙከራ እንኳ መሰካት የለበትም።

ብልሽቱን መለየት

የሚንኮሻኮሽ ፖቴንሽዮሜትር ሁሉ መተካት አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች የተዘጋጀ ማጽጃ በእግሮቹ አጠገብ ባለው ክፍተት ረጭቶ ዘንጉን ደጋግሞ ማዞር ይበቃል።

ከጽዳት በኋላም መንኮሻኮሹ ካልቆመ ጥፋቱ የሌላ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከፖቴንሽዮሜትሩ በፊት ያለው ካፓሲተር ተለዋዋጭ የሆነውን የድምፅ ሞገድ አሳልፎ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማገድ አለበት። ካፓሲተሩ ካረጀና ቀጥተኛ ቮልቴጅ ካሾለከ አዲስ የተገጠመ ፖቴንሽዮሜትርም እንደ ቀድሞው ይንኮሻኮሻል። ይህን ሳይመረምሩ ጤነኛ የሆነውን የመጀመሪያ ክፍል አውጥቶ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው።

ምትክ ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮች

የሬዚስታንስ መጠን፦ በሁለቱ የዳር እግሮች መካከል ይለካል። ሌሎች ክፍሎች ልኬቱን እንዳያዛቡ ሽቦዎቹ አስቀድመው መለያየት አለባቸው። በአሮጌ ፖቴንሽዮሜትሮች ላይ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ልዩነት የተለመደ ስለሆነ፣ 1 ሜጋኦም ተብሎ ተጽፎበት 850 ኪሎኦም የሚለካ ፖቴንሽዮሜትር የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የአለዋወጥ ስልት፦ በቀጥተኛው ዓይነት ሬዚስታንሱ ከመዞሪያው ጋር እኩል ይጨምራል። በሎጋሪዝማዊው ዓይነት መጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ በፍጥነት ይጨምራል፤ ይህም ከሰው ጆሮ አሰማም ጋር ስለሚስማማ ለድምፅ መጠን ይመረጣል። በቦታው ቀጥተኛው ከገባ ድምፁ ገና በመጀመሪያው መዞር ላይ ከፍ ይልና የቀረው መዞሪያ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ኤ ፊደል ሎጋሪዝማዊውን፣ ቢ ደግሞ ቀጥተኛውን ያመለክታል። በአንዳንድ አሮጌ የአውሮፓ ክፍሎች ላይ ግን ኤ ቀጥተኛውን ስለሚያመለክት ፊደሉን ብቻ ማመን አይበቃም፤ ዘንጉን መሐል ላይ አቁሞ መለካት ይሻላል።

ዘንግና አገጣጠም፦ በአሜሪካ አምፕሊፋየሮች ላይ የተለመደው ድፍን ክብ ዘንግ 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ እጀታው በትንሽ ብሎን ይጠብቅበታል። ብዙ አዳዲስ ፖቴንሽዮሜትሮች ግን 6 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ጥርስ ዘንግ ስላላቸው የቀድሞው እጀታ በትክክል አይቀመጥባቸውም። የዘንጉ ርዝመትና የፊት ሰሌዳው ቀዳዳ ስፋትም አስቀድመው መለካት አለባቸው።

ምሳሌ፦ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ዴሉክስ ሪቨርብ ዘጠኝ ፖቴንሽዮሜትሮች አሉት።

• ሁለቱ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያዎች፦ 1 ሜጋኦም፣ ሎጋሪዝማዊ
• ሁለቱ ትሬብልና ሁለቱ ቤዝ፦ 250 ኪሎኦም፣ ሎጋሪዝማዊ
• ሪቨርብ፦ 100 ኪሎኦም፣ ቀጥተኛ
• የቪብራቶ ፍጥነት፦ 3 ሜጋኦም፣ ግልብጥ ሎጋሪዝማዊ
• የቪብራቶ ጥንካሬ፦ 50 ኪሎኦም፣ ግልብጥ ሎጋሪዝማዊ

የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በቀላሉ ይገኛሉ። የሚያስቸግረው የፍጥነቱ ነው፤ 3 ሜጋኦም ከተለመዱት መጠኖች ውጭ ሲሆን የግልብጥ ሎጋሪዝማዊው ስልትም በብዙ መደብሮች አይያዝም። በምትኩ ቀጥተኛ ቢገጠም ቪብራቶው ይሠራል፣ ነገር ግን የፍጥነቱ ለውጥ በአብዛኛው በመዞሪያው አንድ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ይህን ክፍል ለአሮጌ አምፕሊፋየሮች ዕቃ ከሚያቀርቡ ልዩ መደብሮች ማዘዝ፣ ወይም የቀድሞውን ፈትቶ ማጽዳት የተሻለ ነው።

የዘመን ቁጥር

በአሜሪካ በተሠሩ ፖቴንሽዮሜትሮች ጀርባ ወይም ጎን ላይ ብዙውን ጊዜ ቁጥር ይታተማል። ለምሳሌ 1376534 ሲነበብ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለውን አምራች፣ 65 ዓመተ ምሕረቱን 1965 እ.ኤ.አ.፣ 34 ደግሞ የዓመቱን 34ኛ ሳምንት ያመለክታል። 304 ስታክፖል የተባለው አምራች መለያ ነው። ቁጥሩ ፖቴንሽዮሜትሩ የተሠራበትን ጊዜ ስለሚናገር፣ አምፕሊፋየሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ሊገጣጠም እንደማይችል ያሳያል፤ ይህ ግን ክፍሉ በኋላ ካልተተካ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የወጣው ፖቴንሽዮሜትር ቢበላሽም አይጣልም። በከረጢት ተደርጎ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ባለቤትና ጠጋኝ የመሣሪያው ታሪክ ማስረጃ ይሆናል።