ከምንጩ የሚገነባ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስተዳደስ፦ ታሪኩና ለምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ፣ ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር መጽሐፉን ከመምህሩ ቅጂ በራሱ እጅ ይገለብጥ እንደነበር፣ ቃሉንና የዜማ ምልክቱን በመምህሩ ፊት ያርም እንደነበር፣ በመጨረሻም ወደ ጋይንት ቤተልሔም ተጉዞ ያስመሰክር እንደነበር ያስታውሳል። መጽሐፉ የታመነው በመጻፉ ብቻ ሳይሆን ከምንጩ ጋር በመመሳከሩ ነበር። የኮምፒዩተር ዘመንም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አምጥቶታል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ለሌሎች ፕሮግራሞች መሠረት የሚሆን ፕሮግራም ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ተሠርቶ ያለቀውን ይቀበላል። ሌላው መንገድ ባለሙያዎች የጻፉትን ምንጭ ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ኮምፓይለር በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ኮምፒዩተሩ ወደሚያስፈጽመው ቋንቋ እየለወጡ በራስ ኮምፒዩተር ላይ መገንባት ነው።

ለዚህ አሠራር ሰፊ መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ዩኒክስ በሲ ቋንቋ እንደገና መጻፉ ነው፤ አንድ ምንጭ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሊገነባ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪ የሠራው «ሜክ»፣ የተለወጠውን ክፍልና በእርሱ ላይ የተመሠረተውን ብቻ ለይቶ ያስገነባል። በ1985 ላሪ ዎል ያወጣው «ፓች» ደግሞ ሙሉው ምንጭ ሳይላክ ልዩነቱን ብቻ በመላክ ማደስን አቀለለ። በ1993 ፍሪቢኤስዲ፣ በ2002 ጄንቱ 1.0 ሲወጡ መላውን ሥርዓት ከምንጩ ገንብቶ ማደስ ለተራው ተጠቃሚም ተደረሰበት።

ማደስ ቅንጦት አይደለም። ለምሳሌ ፊደላችን በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶችን ይዞ ሲገባ፣ ከዚያ በፊት በነበረበት የቆመ ሥርዓት የዚህ ተጠቃሚ ሊሆን አልቻለም።

የእድሳቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በፍሪቢኤስዲ አስቀድሞ የለውጡ ማስታወሻ ይነበባል፤ ቀጥሎ መላው ሥርዓትና የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ይገነባሉ፤ አዲሱ ከርነል ተተክሎ ኮምፒዩተሩ እንደገና ይነሣል፤ ከዚያ የቀረው ይተከላል፤ በመጨረሻም ተጠቃሚው ያስተካከላቸው ፋይሎች ከአዲሶቹ ጋር ይዋሐዳሉ። ከርነሉ የሚቀድምበት ምክንያት አለ፤ አዲስ ከርነል የቆዩ ፕሮግራሞችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ሲሠራ፣ አሮጌው ግን አዲሶቹን ላያስተናግድ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ የቆየ የጄንቱ ሥርዓት፣ የማደሻ ፕሮግራሙ ራሱ አዲሶቹን መመሪያዎች ማንበብ እስኪሳነው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ በየደረጃው ማሸጋገር ወይም እንደ አዲስ መትከል ግድ ይሆናል። ይህ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢያቸው ገጠር ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። መብራት በመሐል ሲጠፋም ሰዓታት የሚፈጅ ግንባታ ይቋረጣል።

ከምንጭ መገንባት ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኤክስዜድ» በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገ ተንኮል ተጋልጧል። ተንኮሉን ሥራ ላይ የሚያውለው ክፍል ለሕዝብ በተሠራጨው ጥቅል ውስጥ እንጂ በግልጽ በሚታየው የምንጭ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ልዩነቱ ሊታወቅ የሚችለው ሁለቱን በማመሳከር ነበር።

ታሪኩ የሚያመለክተው መፍትሔ የጋራ መገንቢያ ነው። ጄንቱ ራሱ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተገንብተው ያለቁ ፓኬጆችን በስፋት ማቅረብ ጀምሯል። ስለዚህ ለኮምፒዩተር ክፍሎች ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች የሚከተሉትን ቢያስቡ ይጠቅማል።

1. በዞኑ ከተማ በፍኖተ ሰላም፣ መጠባበቂያ ኃይል ያለው አንድ መገንቢያ ኮምፒዩተር ማቆም፤ ግንባታውም በየትምህርት ቤቱ ካሉት ፕሮሰሰሮች ለአሮጌው እንዲስማማ ማድረግ።

2. የተገነባውን ከማረጋገጫ ፊርማው ጋር በዲስክ ወደ ቡሬና ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መላክ፤ ተቀባዩም ፊርማውን ሳያረጋግጥ እንዳይተክል ማድረግ።

3. እድሳቱን በትምህርት ዘመኑ የሥራ ሰሌዳ ላይ ማስፈር፣ እያንዳንዱንም ለውጥ በመዝገብ መያዝ፤ ኃላፊው መምህር ቢዛወር ተተኪው ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።

ብዙ ጊዜ በጀት የሚያዘው ለመግዣ ነው፤ ለማደሻ የሚታሰበው ጥቂት ነው። የድጓው ተማሪ ግን መጽሐፉን ጽፎ ሲጨርስ ሥራው እንዳላለቀ ያውቅ ነበር፤ ገና ቤተልሔም ይቀረው ነበርና።