የአሮጌ መኪና ሞተር ሲቀየር ሽቦው እንዴት ይገናኝ?

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ሞተር ቀይሮ ያለውን መኪና ማቆየት ብዙዎቻችን የምናስበው አማራጭ ሆኗል። የራሴን ኮሮላ ሞተር ሳስቀይር የተረዳሁት፣ ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ከብረቱ ይልቅ በሽቦው መሆኑን ነው።

እንደ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተመረተውን፣ 2ኢ የተባለ ባለ 1,295 ሲሲ የካርቡራተር ሞተር ያለውን ኮሮላ እንውሰድ። በምትኩ ሊገባ የሚችለው በ1991 በወጣው ኮሮላ ላይ የምናገኘው 4ኢ-ኤፍኢ የተባለው ባለ 1,331 ሲሲ ሞተር ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አዲሱ ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክተር፣ የሚታዘዘውም በኮምፒዩተር ስለሆነ አሮጌው መኪና የማያውቃቸውን ሽቦዎች ይዞ ይመጣል።

ምን አብሮ ይገዛ?

ሞተሩን ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲገዙ ኮምፒዩተሩን፣ ኢግናይተሩን፣ ሪሌዎቹንና ሙሉ የሽቦ ጥቅሉን ከነሶኬቶቹ ከዚያው መኪና ላይ ይውሰዱ። ከተለያየ መኪና የተለቃቀመ ዕቃ አይግባባም። ለምሳሌ ኢግናይተሩ ብልጭታ መስጠቱን ለኮምፒዩተሩ ካላሳወቀ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል።

የት የት ይገናኝ?

መብራት፣ ፍሬቻና መጥረጊያ የሚያሠራውን የቀድሞውን ሽቦ መቆራረጥ አያስፈልግም። የአዲሱ ሞተር ጥቅል ለብቻው ይዘረጋና ከመኪናው ጋር የሚገናኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፦

- ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣና የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር፤ ፊውዙ ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ሲሆን ባትሪው አጠገብ ይቀመጣል፤
- ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ መስመር፤
- ሞተሪኖ ሲዞር ለኮምፒዩተሩ የሚያሳውቅ መስመር፤
- ወደ ነዳጅ ፓምፕ የሚሄድ መስመር፤
- በዳሽቦርድ ላይ የሚጨመር የብልሽት ማሳያ መብራት፤
- ከሞተሩና ከቦዲው ጋር በንጹሕ ብረት ላይ የሚታሰር ግራውንድ።

የሙቀት መለኪያው የራሱ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር አለው። ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒዩተሩ ስለሆነ ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም። መጋጠሚያዎች ሁሉ ተበይደው በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈኑ። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ የሞተሩን ሙቀትና ንዝረት አይችልም።

አደጋው ያለው ፓምፑ ላይ ነው

የካርቡራተሩ ሜካኒካል ፓምፕ ለኢንጀክተር የሚበቃ ግፊት ስለማይሰጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገባል። አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራውን ለማሳጠር ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ያገናኙታል። መኪናው ይነሳል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ነገር ግን መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም እንኳ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፓምፑ ነዳጅ መግፋቱን ይቀጥላል። ቱቦ ተቀዶ ከሆነ ውጤቱ እሳት ነው። ፋብሪካው የሠራው ሪሌ ግን ሞተሩ መዞር ሲያቆም ፓምፑንም ያጠፋል። ስለዚህ መኪናዎን ሲረከቡ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ፓምፑ ሳያቋርጥ ከጮኸ ሥራው ስላላለቀ አይረከቡ።

ፍተሻ

በቴስተር የኮምፒዩተሩን የሙቀት ሴንሰር ይለኩ፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። በመመርመሪያው ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ የብልሽት መብራቱ ይናገራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ ችግር የለም። 14 ቁጥር የኢግናይተር ምልክት መጥፋቱን፣ 22 የሙቀት ሴንሰርን፣ 31 የአየር ግፊት ሴንሰርን ያመለክታል።

በመጨረሻም ሁለት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚመዘገብ የግዢ ሰነዱን ይያዙና ለውጡን ያስመዝግቡ። ሁለተኛ፣ የትኛው ቀለም ሽቦ ከየት ወዴት እንደሄደ ባለሙያው በወረቀት ላይ እንዲስልልዎ ያድርጉ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ባለሙያ ኮፈኑን ሲከፍት ከግምት የሚያድነው ያ ወረቀት ነው።