«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ የአንድ ልብ ወለድ አመጣጥና በየዘመኑ ያገኘው አንባቢ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአማርኛ ልብ ወለዶች መካከል ስሙ በብዙ ሰው አፍ የሚጠራ ድርሰት ነው። ይህን ስም ያተረፈው ግን በየጊዜው እየተፈራረቁ በመጡ፣ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው በማይስማሙ ንባቦች አማካይነት ነው። መጽሐፉን በክፍል ውስጥ ለሚያስተምር መምህርም ሆነ ሥርዓተ ትምህርቱን ለሚያቅድ ባለሙያ ይህ ታሪክ የሚናቅ አይደለም።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔን የተማሩ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት የቀሰሙ፣ ከጠላት ወረራ በፊት በመምህርነት ያገለገሉ፣ በአርበኝነት ተሰልፈው ተማርከው በኢጣልያ የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በትምህርት ሚኒስትርነት የሠሩ ሰው ነበሩ። በመሆኑም የበዛብህን የተማሪነት ሕይወት የጻፉት ከሩቅ ሆነው አይደለም። እናቱ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር የተሳለችው በዛብህ ወደ ዲማ ሄዶ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል፤ ፍቅሩም በአንድ በኩል ከእናቱ ስለት፣ በሌላ በኩል ከፊታውራሪው የዘር ቆጠራ ጋር ይጋጫል።

ድርሰቱ ለቋንቋ መምህራን ሌላም ቁም ነገር ይዟል። ሀዲስ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሹ ስለ ነበር፣ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት ላይ ነጥብ አኑረዋል። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ለማለት ሲላላ፣ «ይገኛል» ለማለት ደግሞ ይጠብቃል፤ በተራው አጻጻፍ ሁለቱ አይለዩም፣ በነጥቡ ግን ይለያሉ። ልማዱ ከእርሳቸው አልፎ ብዙ ተከታይ አላገኘም። በዚህም ምክንያት ለሕፃናት የንባብ ትምህርት ሊጠቅም ይችል የነበረ ሙከራ የአንድ ደራሲ የግል ጠባይ ሆኖ ቀርቷል፤ የሚያሳዝን ነው።

መጽሐፉ ከታተመ ከስምንት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለዱ በአመዛኙ የባላባታዊው ሥርዓት መከሰሻ ሆኖ ተነበበ። ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ የተነሣበት ክፍል፣ እንዲሁም የጉዱ ካሣ ንግግር፣ ከፍቅሩ ታሪክ ይልቅ ጎልተው ታዩ። ይህ ንባብ መሠረት የለውም ሊባል አይቻልም፤ ማስረጃው በድርሰቱ ውስጥ ሞልቷል። ነገር ግን ጠባብ ነበር። ጉዱ ካሣን አስቀድሞ የነቃ ታጋይ አድርጎ ሲያነሣው፣ ሰውየው የነባሩ ትምህርት ፍሬ መሆኑን፣ ወገኖቹም እንደ እብድ ቆጥረውት በብቸኝነት መኖሩን ዘነጋ። ስለቱንም፣ ማለትም የእናት ፍቅር ራሱ በልጅ ላይ እስራት የሚሆንበትን ነገር፣ የመደብ ትንታኔ የሚያስገባበት ቦታ አላገኘም።

በሌላ በኩል፣ በዚያው የአብዮት ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ መተረኩ ከማናቸውም ሂስ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰብለንና በዛብህን ዐወቀ፤ «ጉዱ ካሣ»ም ከዘመኑ ጋር የማይስማማ ሰው መጠሪያ ሆኖ ወደ ዕለታዊ ንግግር ገባ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ድርሰት በጆሮ ሲዳረስ ለቅሶውና ሳቁ በረታ። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም፣ በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ፣ ብዙ ተመልካች የመዘነው ከመጽሐፉ ይልቅ በጆሮው ከቀረው የወጋየሁ ድምፅ ጋር እያነጻጸረ ይመስላል።

አሁን ችግሩ ክፍል ውስጥ ነው። በሾላ ገበያ አካባቢ የሚያስተምር አንድ መምህር ይታሰብ። እናቷ ቅቤና በርበሬ የምትሸጥ ተማሪ የሚዛንና የዋጋ ክርክር ከማንም የተሻለ ታውቃለች፤ «ጭሰኛ»፣ «ርስት»፣ «ፊታውራሪ» የሚሉት ቃላት ግን ለእርሷ የመዝገበ ቃላት ቃላት ናቸው። መምህሩ ባላገሩ የተጠየቀውን አልከፍልም ያለበትን ምዕራፍ ከገበያው ክርክር ተነሥቶ ቢያስረዳ፣ ገበያተኛ ዋጋው ሲበዛበት ትቶ መሄድ የሚችል ሲሆን ጭሰኛው ግን መሬቱን ትቶ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ፣ የድሮው ሥርዓት ለተማሪዋ ትርጉም ያለው ነገር ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ግን ምዕራፉ በሙሉ ሲነበብ ነው። ከረጅም ድርሰት አንዲት ገጽ ተቀንጭባ፣ ከሥሯ የቃላት ፍቺና አምስት ጥያቄ ተደርድሮ ሲቀርብ፣ ተማሪው ፍቅረኞቹን ያገኛል፤ ከመንገዱ ላይ ያቆማቸውን ማኅበረሰብ ግን አያገኝም። የክፍለ ጊዜ እጥረት እውነተኛ ነው። ሆኖም ከበርካታ ቅንጫቢዎች ጥቂቶቹን ቀንሶ ለዚህ መጽሐፍ ሦስት ወይም አራት ሙሉ ምዕራፍ መመደብ፣ የመጀመሪያውንም መምህሩ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ከዕቅድ አውጪዎች አቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም።